«ምግብ ለመማር ባሕር ዳር ድረስ?»

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጽፋልናለች፦

«ጤና ይስጥልኝ። 19 ዓመቴ ነው። ቤተሰቦቼ ቢቸና አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። ዘንድሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነኝ፤ በቅርቡ ዲፓርትመንት እንሞላለን። ውጤቴ ክፉ አይደለም፤ ሕክምና የሚያስገባኝ ግን አይመስለኝም። ቀልቤ ያረፈው ሥነ ምግብ ላይ ነው፤ አፕላይድ ሂዩማን ኒውትሪሽን የሚሉት። ለአባዬ በስልክ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና ‹ምግብ ለመማር ባሕር ዳር ድረስ ምን አስኬደሽ? እናትሽ መች አነሰችሽ?› አለኝ። ዶርም ያሉት ጓደኞቼ ‹ሼፍ› ብለው ስም አውጥተውልኛል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹ሥራ የለውም፣ ሶፍትዌር ሙዪ› ይለኛል። እውነት ይሄ ትምህርት ምንድን ነው? ኬሚስትሪ ብዙም አይሆንልኝም፤ እወድቅ ይሆን? ሥራስ አለው? አባዬንስ ምን ልበለው? ከሐሳቡ ብዛት ነው መሰለኝ ሰሞኑን ራሴን ያዞረኛል፤ ቁርስም ትቻለሁ። ሼፏ፣ ከባሕር ዳር።»

ውድ ሼፏ፣ ራስሽ የፈረምሽበት ስም ስለሆነ እኔም በእሱ ልጥራሽ።

ከአባትሽ ልጀምር። ደብዳቤሽ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ የእሳቸው ይበልጣል። ምግብ የማያውቅ ሰው የለም። በቀን ሁለቴም ሦስቴም የሚበላ ሁሉ ስለ ምግብ የራሱ አስተያየት አለው። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ደግሞ አስተያየቱን የሚሸጠው ሞልቷል፤ ቦርጭ ማጥፊያ፣ ደም ማጽጃ፣ ስኳርን ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል እያለ። እንዲህ በሆነበት አገር አንድ ገበሬ «ይሄ ደግሞ ዓመታት የሚፈጅ ምን ትምህርት አለው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። መልስ ግን አለው።

በረሃብ ክፉኛ የተጎዳ የሁለት ዓመት ልጅ ሆስፒታል መጣ እንበል። ቆዳው ከአጥንቱ ተጣብቋል። አንጀት ያለው ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ ገንፎውን ማቅረብ። በዚያ ሰዓት ግን ልጁን ሊገድለው የሚችለው ይኸው ደግነት ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል ሥራውን ቀንሶ ነው የሚቆየው። ልቡም ኩላሊቱም በትንሽ ጉልበት ይሠራሉ። ምግቡ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ ደም ውስጥ ያሉት ፖታሲየምና ፎስፌት የሚባሉ ማዕድናት ወደ ሴሎች ይገባሉ፤ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን በድንገት ይወርዳል፤ የልብ ምት ይዛባል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባል ወተት ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው ያለው፤ ፕሮቲኑም ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጓል። በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስና፣ ሰውነቱ ያበጠ ከሆነም፣ እብጠቱ መጉደል ሲጀምር ነው ጉልበቱ ከፍ ወዳለው ኤፍ 100 ወተት ወይም ፕላምፒ ነት ወደሚባለው የለውዝ ለጥፍ የሚሻገረው። ልጁ ደም ቢያንሰው እንኳ አይረን ወዲያው አይሰጠውም፤ በዚያ ሁኔታ አይረኑ ኢንፌክሽኑን ሊያባብስበት ይችላል። ይሄን የምታውቂው ተምረሽ ነው። እናትሽ ባለሙያ ሴት እንደሆኑ አልጠራጠርም፤ ይሄ ግን ከምድጃ ዳር የሚገኝ እውቀት አይደለም።

ይሄ የሆስፒታሉ ነው። ጎጃም ለሚኖር ሰው ግን ከዚህ የሚብሰው ቤት ያለው ነው።

የአገርሽን ሁኔታ ተመልከቺ። ጤፉ ከእነማይና ከሸበል በረንታ ይወጣል። በቆሎው ከሜጫ፣ ከደቡብ አቸፈርና ከቡሬ። ድንቹ ከአዊ። ቅቤው፣ ማሩ፣ ኑጉ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ነጋዴ ዋጋ ሊሰቅል ሲፈልግ «የጎጃም ጤፍ ነው» ይላል። ታዲያ እዚሁ፣ ትርፍ አምራች በሚባለው በምዕራብ ጎጃም፣ ከዓመታት በፊት በተሠራ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ አሥር ልጆች ከአራት በላይ የሚሆኑት ቀንጭረው ተገኝተዋል። ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ማለት ነው። በክልል ደረጃም ቢሆን በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአማራ ክልል 46 በመቶ ነበር፤ አገር አቀፉ 38 በመቶ ሆኖ ሳለ። በ2011 ዓ.ም. ወደ 41 ወርዷል። ወርዶም ከአገር አቀፉ 37 በመቶ ይበልጣል።

ጎተራው ሙሉ፣ ልጁ አጭር። እኔ አንቺን ብሆን ለአራት ዓመት የምማርለት ጥያቄ ይሄ ይበቃኝ ነበር።

«ዘራችን አጭር ነው» የሚል ሰው ታገኛለሽ። ጥቂትም አትስሚው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዕድገት መለኪያ የተሠራው ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ በተወሰዱ ልጆች ነው። በደንብ ከተመገቡና ከበሽታ ከተጠበቁ የስድስቱም አገር ልጆች እስከ አምስት ዓመታቸው ድረስ ቁመታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ነው የተገኘው። ስለዚህ ምክንያቱን ከዘር አትፈልጊው።

አንዱ ምክንያት ከምን ጋር እንደሚበላ ነው። ሆድ የሚሞላው ምግብና የሚያሳድገው ምግብ አንድ አይደለም። በቆሎ ብቻ የሚበላ ልጅ ይጠግባል፤ የበቆሎ ፕሮቲን ግን ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉ፣ ሰውነት ለማደግ የሚፈልጋቸው የፕሮቲን ክፍሎች ይጎድሉታል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ፕሮቲኑ የተሻሻለ የበቆሎ ዝርያ እስከ ማውጣት የደረሱት። ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ምስሩ ከጎኑ ሲገባ ጉድለቱ ይሞላል። እንቁላል ቢጨመርማ! አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ግን እንቁላሉ የት ነው? ቅዳሜ ገበያ ሄዷል። ጨው፣ ሳሙናና ደብተር ሆኖ ተመልሷል። እናትየዋን መውቀስ ቀላል ነው፤ ያቺ ዶሮ የቤቱ ባንክ ናት። ስለዚህ «እንቁላል አብሉ» ብሎ ፖስተር የሚለጥፍ ባለሙያ ምንም አልሠራም። ሥራው የሚጀምረው ለሳሙናው ሌላ ብር ከየት ይምጣ ከሚለው ነው።

ሌላው ጊዜ ነው። አንድ ልጅ ከተፀነሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያሉት 1,000 ቀናት ወሳኝ ናቸው። የመጀመሪያው ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያስፈልገው። ከዚያ በኋላ ጡቱ ብቻውን አይበቃም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሳሳተው። ለልጁ ቀጭን አጥሚት ይሰጠዋል። የልጅ ጨጓራ ትንሽ ናት፤ በውኃ ትሞላለች፤ ልጁ የጠገበ ይመስላል። ወፈር ያለ፣ ጥራጥሬ የገባበት፣ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ያለበት ገንፎ ያስፈልገው ነበር።

ጾሙንም ማንሳት አለብኝ፤ ጎጃም ነንና። ሕፃናት ጹሙ የተባለበት ቦታ የለም፤ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይገደድም። ችግሩ ድስቱ ነው። በሁዳዴ እናቶች «ዕቃው ይነካካል» ብለው ለልጁ የፍስክ ሳይሠሩለት ይከርማሉ። 55 ቀን ለአንድ ዓመት ሕፃን ረጅም ነው። መፍትሔው አንዲት ለብቻዋ የተለየች ትንሽ ድስትና የንስሐ አባት አንድ ቃል ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለው ጉዳይ ከቄሱ ጋር ተከባብሮ መነጋገር የማይችል የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ዲግሪው ምንም ቢያምር፣ ጎጃም ላይ ብዙም አይራመድም።

ደግሞ ጉዳዩ ምግብ ብቻም አይደለም። ከወንዝ የተቀዳ ውኃ የሚጠጣና በየወሩ ተቅማጥ የሚይዘው ልጅ የበላው አይሆንለትም። በእርግዝናዋ ወቅት እንጨት ስትሸከምና አረም ስታርም የዋለች እናትም አለች። ለዚህ ነው በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ጤናን ብቻ ሳይሆን ግብርናን፣ ውኃንና ትምህርትንም አብሮ የጠራው። እስከ 2022 ዓ.ም. መቀንጨርን ማጥፋት ነበር ሐሳቡ። የቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ ሥራው ግን ገና ሰው ይፈልጋል።

ወደ ኬሚስትሪው ልለፍ። አልዋሽሽም፤ ከባዮኬሚስትሪ ማምለጫ የለም። ካርቦሃይድሬት ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚቃጠል፣ ቫይታሚኖቹ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚገቡ ትማሪያለሽ። ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ፉድ ኬሚስትሪ፣ ኢፒዲሚዮሎጂ አለ። ከሁሉም በላይ ተማሪ የሚያስለቅሰው ግን ባዮስታቲስቲክስ፣ የጤና መረጃ ስሌቱ፣ ነው፤ ማንም አስቀድሞ ስለማይነግራችሁ ነው እኔ የምነግርሽ።

ሆኖም አንቺ የጠላሽው ኬሚስትሪ ለፈተና የሸመደድሽው ይመስለኛል። ይሄኛው እቤትሽ ያለ ነው። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ አይረንና ዚንክን አንቆ ይይዝና ሰውነት እንዳይወስዳቸው ያደርጋል። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። እናትሽ ሁለትና ሦስት ቀን ሊጡን የሚያቆዩት ለጣዕሙና ለዓይኑ ነው፤ ሳያስቡት ግን የልጆቻቸውን ደም እየጠበቁ ነው። ብቅልም እንዲሁ ነው፤ ጥቂት የብቅል ዱቄት ወፍራሙን ገንፎ ያቀጥነዋል፤ ልጁ ውኃ ሳይጨመርበት ሊውጠው ይችላል።

ግብጦን ደግሞ ውሰጂ። አዊና ምዕራብ ጎጃም እንደልብ ነው። ሲሶው ገደማ ፕሮቲን ነው። ግን አልካሎይድ የሚባል መራራ ነገር ስላለው እንዲሁ አይበላም። ሰዉ ቆልቶ ወይም ቀቅሎ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዝፈዋል፤ ውኃውን ይለዋውጣል፤ ምሬቱ ይለቃል። ይሄ በእግሩ የቆመ የፉድ ኬሚስትሪ ትምህርት ነው። ያም ሆኖ ግብጦን የአረቄ ቤት ቁርስ አድርገን ንቀነዋል። ከአንቺ ክፍል አንዷ ተነስታ የሕፃናት ምግብ ውስጥ በደህና መጠን እንዴት እንደሚገባ ብትሠራበት ለእኔ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበልጥብኛል። ጓያም አለ፤ ድርቅ ይችላል፣ ርካሽ ነው፣ ፕሮቲን አለው፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ ግን ውስጡ ያለው መርዝ እግር ያሽመደምዳል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት ሽባ ሆነው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። አንዱ እህል ከተዘፈዘፈ ይድናል፣ ሌላው እንዲያ በቀላሉ አይድንም። ለምን? መልሱ ያ የማይሆንልሽ ኬሚስትሪ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ክፍል ውስጥ በቀላሉ የማይያዝ ነው። የሰውን አመጋገብ ለማጥናት «ትናንት ከነቃሽ ጀምሮ ምን በላሽ?» ተብሎ ይጠየቃል። የ24 ሰዓት ትውስታ ይሉታል። መጽሐፉ ላይ ቀላል ነው። አንድ መሶብ ዙሪያ ስድስት ሰው በሚቀርብበት አገር ግን ልጁ ስንት ግራም በላ? ማን ለማን አጎረሰ? እንግዳ ሆነሽ የገባሽባት እናትስ ድህነቷን ለመሸፈን ያልበላችውን ሥጋ በላሁ ብትልሽ? ወይ ደግሞ እርዳታ ይዘሽ የመጣሽ መስሏት የበላችውን ብትደብቅ? ይሄን ለመረዳት የቢቸና ገበሬ ልጅ መሆን ከማንም ይልቅ ይጠቅምሻል። የዶርም ጓደኞችሽ ይሄን አላሰቡትም።

ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ስሞቹን በደንብ ለዪ፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሸወዳል። ፉድ ኢንጂነሪንግና ፉድ ሳይንስ ምግቡ ላይ ያተኩራሉ፤ ማቀነባበር፣ ማሸግ፣ ፋብሪካ። ኒውትሪሽን የሚያተኩረው ምግቡ ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ ባለውና በማኅበረሰቡ ላይ ነው። ዳይቴቲክስ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ለስኳር፣ ለኩላሊት፣ ለቀዶ ጥገና ታካሚ አመጋገብ ማውጣት ነው። ባሕር ዳር ላይ ያለው አፕላይድ ሂዩማን ኒውትሪሽን የሚገኘው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ ከፉድ ኢንጂነሪንግ ጎን ነው። ሐዋሳም ጅማም ይሄን ዘርፍ ያስተምራሉ፤ አደረጃጀታቸው ግን እንደየግቢው ይለያያል። ስለዚህ ዲፓርትመንት ኃላፊውን ፊት ለፊት ጠይቂ፦ ተመራቂዎቻችሁ የጤና ባለሙያ ፈቃድ ያገኛሉ? ሆስፒታል ሲቀጠሩ በምን መደብ ነው? ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት ናቸው? የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ያሉ ሁለት ልጆችንም ሻይ ጋብዘሽ ጠይቂ። ኃላፊው የማይነግርሽን እነሱ ይነግሩሻል።

ሥራውስ? ወንድምሽ ግማሽ እውነት ይዟል። የመንግሥት መደብ ጠባብ ነው። ብዙ ሆስፒታል የዳይቲሺያንን ሥራ ነርሶች ደርበው ይሠሩታል። ሰፊው በር ለረጅም ጊዜ የእርዳታ ድርጅቶች ነበሩ፤ ደመወዙ ደህና ነው፣ ግን ኮንትራት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። በ2017 ዓ.ም. ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ ብዙ ፕሮጀክት አብሮ ቆሟል፤ ጎበዝ ጎበዝ ባለሙያዎች ቤታቸው ገብተዋል። ይሄን ሳትሰሚ እንድትገቢ አልፈልግም።

በሌላ በኩል የወረዳ ጤናና ግብርና ቢሮዎች አሉ። ቡሬ ላይ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ቡሬም ደብረ ማርቆስም የዘይት ፋብሪካ አላቸው። የምግብ ፋብሪካ ጥራት የሚቆጣጠር ሰው አያጣውም፤ እዚያ ግን ከፉድ ሳይንስ ተመራቂዎች ጋር ትጋፊያለሽ። ከተማ ውስጥ ስኳርና ደም ግፊት በዝቷል። ሐኪሙ «ጨው ቀንሱ፣ ጣፋጭ ተዉ» ብሎ ይሸኛቸዋል፤ ታዲያ ምን እንብላ የሚለውን የሚመልስላቸው የለም። ይሄ ገበያ ገና አልተነካም ብዬ አምናለሁ።

የወንድምሽን ምክር ሙሉ በሙሉ አትጣይው፤ ቀይሪው። ሶፍትዌር አትማሪ፤ ግን ኤክሴልን እንደ እጅሽ መዳፍ እወቂ፣ ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ የሚባሉትን የመረጃ መተንተኛዎች ልመጂ፣ በስልክ መረጃ የሚሰበሰብበትን ኮቦን ሞክሪ። እነዚህ ያሉትና የሌሉት ተመራቂ እኩል ዲግሪ ይዘው አንድ ወንበር ላይ አይቀመጡም። አዊ ዞን መሥራት ካማረሽ አገውኛ ጀምሪ። የመውጫ ፈተናም እንዳለ አትርሺ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶ ሳያመጡ ዲግሪ የለም። አራተኛ ዓመት ላይ ደርሶ ከመደናበር ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ማስታወሻ መያዝ ይሻላል።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለኝ። ሕክምና ስላልደረሰሽ ብቻ ከሆነ የምትመርጪው፣ ተዪው። ደብዳቤሽ እንዲያ አይልም፤ ግን ራስሽን ጠይቂ። ነጭ ጋውን ናፍቀሽ የምትገቢ ከሆነ ገበሬ ቤት ደጃፍ ላይ ልጅ ስትለኪ ይመርርሻል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ጭቃና ውሻ ነው። ሙአክ ቴፕ ይዘሽ የልጁን ክንድ ትለኪያለሽ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ሁለቱንም እግሩን በአውራ ጣትሽ ተጭነሽ እብጠት ታያለሽ። ሁለት ዓመት ያልሞላውን አጋድመሽ፣ የሞላውን አቁመሽ ቁመቱን ትለኪያለሽ፤ ልጁ ይጮኻል፣ አያቱ «ልጄን ለመቃብር ለኩት» ብላ ትቆጣለች። ይሄ የሚያስቅሽና የሚያነቃቃሽ ከሆነ ቦታሽ ነው።

አባትሽን አሁን። ስታቲስቲክስ አትንገሪያቸው፤ ከላይ የጻፍኩትን ቁጥር ሁሉ እዚሁ ተዪው። መንገዱ ሰላም ሆኖ በሞጣ በኩል ቤት ስትገቢ፣ እርሻ ሊገባ ሲል በሬዎቹን ምን እንደሚያበሏቸው ጠይቂያቸው። አባትሽ ያውቁታል። ጭድ ብቻ የበላ በሬ ሆዱ ይነፋል እንጂ ሞፈር አይጎትትም። ስለዚህ ፋጉሎ ይፈልጉለታል፣ አተላ ያቆዩለታል፣ ፍሩሽካ ይገዙለታል። የትኛው በሬ ምን እንደጎደለው ከፀጉሩ ይለያሉ። ላሟ ስትወልድ የሚጨመርላትን ያውቃሉ። «አባዬ፣ አንተ ለበሬው የምታውቀውን እኔ ለልጅ ልማረው ነው» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ወዲያው ላይስማሙ ይችላሉ። አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር ተቀምጠው ራሳቸው ሲያብራሩት ትሰሚያለሽ፤ የኛ አገር አባቶች እሺታቸውን ለልጅ ሳይሆን ለጎረቤት ነው የሚናገሩት።

እናትሽንም አትርሺ። በስልክ አባትሽን ብቻ ነው ያማከርሽው። ቤት ውስጥ ምግቡን የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው፤ ምን እንደምትማሪ ከአባትሽ ቀድመው የሚገባቸውም እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

«ሼፍ» የሚሉሽን ተያቸው። ሼፍነትም ቢሆን ደህና ብር ያስገኛል።

የማዞሩን ነገር መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ቀላል አድርገሽው ነው፤ እኔ ግን ቀላል አላደረግኩትም። ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ቁርስ መተውም ሊሆን ይችላል። ደም ማነስም ሊሆን ይችላል፤ በአንቺ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ አዲስ ነገር አይደለም። ግቢ ውስጥ ያለው ክሊኒክ ሂጂና ሄሞግሎቢንሽን አስለኪ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ12 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው፤ የባሕር ዳርን ከፍታ አስበው ሐኪሞቹ ትንሽ ሊያስተካክሉት ይችላሉ። ሳትመረመሪ ከፋርማሲ አይረን ገዝተሽ እንዳትውጪ። ምክንያቱ የሆድ ትል ወይም የወር አበባ መብዛት ከሆነ ክኒኑ ብቻውን አይፈታውም።

እስከዚያው ካፌ የሚሰጥሽን ዳቦ ብይ። ሻዩን ግን ከምሳሽ ጋር አትጠጪው፤ አንድ ሰዓት ያህል አቆይው፤ ሻይም ቡናም ከሽሮውና ከምስሩ የምታገኚውን አይረን ያስቀሩብሻል። ሎሚ ወይም ቃሪያ ከምግቡ ጋር ካገኘሽ ጥሩ ነው፤ ቫይታሚን ሲ አይረኑ እንዲገባ ያግዛል። ክሊኒኩ ስትሄጂ መታወቂያሽን ያዢ፤ ካርድ ሲያወጡልሽ ይጠይቁሻል።